ኔትወርክ ነው፤ ቀጥል

የእኛ ቤት ኢንተርኔት ዝናብ ይፈራል። ነፋስም ይፈራል፣ ከሁሉም በላይ ግን አስፈላጊ ሰዓት ይፈራል። ማንም በማይፈልገው ጊዜ፣ እኔ ልብስ ሳጥብ፣ አባቴን እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ እንደ ሰጋር በቅሎ ይጋልባል። ቁም ነገር ሲመጣ ግን አንዲት ትንሽ ክብ የስልኩ መሐል ላይ ትወጣና መዞር ትጀምራለች። ያችን ክብ የፈጠራት ሰው አንድ ቀን ባሕር ዳር ቢመጣ፣ ጣና ዳር ቁጭ አድርጌ ዓሣ ሳልጋብዘው እንደምሸኘው እምላለሁ።

ንዴቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የምሠራው በከተማችን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ፣ በርቀት ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የምናገረውም የምጽፈውም ፈጣን ኢንተርኔት ትምህርትን ቤት ድረስ ያመጣል የሚል ነው። ያመጣል፤ ካለ። ከይፋግና ከሐሙሲት የተመዘገቡት ተማሪዎቻችን ቤታቸው ሆነው እንዲማሩ ነበር ሐሳቡ። ቅዳሜ ጠዋት ግን በአውቶቡስ ተጭነው ይመጡና፣ ዋይፋዩ የሚደርስበትን የግቢያችንን ግድግዳ ተደግፈው የሳምንቱን ትምህርት ያወርዳሉ። የርቀት ትምህርት ማለት ርቀቱን ተማሪው ራሱ የሚጓዝበት ትምህርት ሆኗል። አንድ ጊዜ ስለ ፈጣን ኢንተርኔት ጥቅም የተዘጋጀ ገለጻ ኢንተርኔት ጠፍቶ አልከፈት አለና፣ ሻይ ጠጥተን ተበተንን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት እኛን ነው።

የመሥሪያ ቤቱን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የቤቱን ነው።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ ደብር ወንበር ዘርግተው የቤተ ክርስቲያን ዜማ አስተምረዋል። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው፣ እናቴም ስታርፍ፣ እኔ ዘንድ ገቡ፤ አሁን ቤታችን ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ተማሪዎቻቸው ተበታትነዋል። ግማሹ አዲስ አበባ ገባ፣ ግማሹ ንግድ ያዘ፣ ግማሹ እንደ ጀመረው ቀረ። አንድ ብቻ አልተዋቸውም። ስሙን አልጠራም፤ በቤታችን «የደልጊው» ነው የምንለው።

የደልጊው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ከሐይቁ ማዶ በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ደልጊ ላይ የሚያርስና በደብሩ የሚያገለግል ሰው ነው። ድጓውን ከአባቴ ዘንድ ቁጭ ብሎ ሲማር ቆይቶ፣ አባቱ ሲሞቱ ቤቱን ሊይዝ ተመለሰ። የቀሩት አስተምህሮና ፋሲካ የሚባሉት የድጓው ክፍሎች ነበሩ። ያን ጨርሶ አባቴ «አዎ፣ ከእኔ ተቀብሏል» ብለው ካልመሰከሩለት በደብሩ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር አይችልም። አባቴም ቢሆኑ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ሙሉ በሙሉ የሚያስረክቡት ከእሱ ሌላ ሰው የላቸውም። «ሳላስረክብ ብሄድ፣ በዚያ ዓለም የኔታን በምን ዓይኔ አያለሁ?» ይላሉ።

ታዲያ እሱ እንዳይመጣ ደብሩ አገልጋይ የለው፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ይዘጋል፣ ጀልባዋም እንደ ልቧ ናት። አባቴ እንዳይሄዱ ጉልበት የለም። የርቀት ትምህርት ሠራተኛዋ ልጃቸው ደረቷን ነፋ አድርጋ ተነሣች። «አባዬ፣ በስልክ ፊት ለፊት እየተያያችሁ ትማማራላችሁ፤ ይኼ እኮ ሥራዬ ነው» አልኳቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

መጀመሪያ ያሰብኩት ድምፃቸውን ቀድቶ መላክ ነበር። አባቴ አልሰሙኝም። «የተቀዳ ድምፅ ጆሮ አለው?» አሉኝ።

«የለውም።»

«ታዲያ ሲሳሳት ማን ሊያርመው ነው? ማስተማር መስጠት ብቻ መሰለሽ። እሱ ሲል እኔ መስማት አለብኝ።»

ስለዚህ ጥሪው ቀጥታ ሆነ። ከሥራ ስመለስ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ አባቴ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል። ስልኩን ከመጽሐፉ ማስቀመጫ ላይ አቆምላቸዋለሁ። ማዶ የደልጊው ከደብሩ በላይ ያለች ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይታያል። «እንደምን ዋሉ የኔታ?» ይላል። ሰላምታው ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ አባቴ ተናግረው ሲጨርሱ እሱ ገና ፈገግ ይላል።

«ምነው ይኼ ድምፅ፣ በታንኳ ነው እንዴ የሚመጣ?» አሉ አባቴ በመጀመሪያው ቀን።

ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ዜማ ወግ አይደለም፤ አንዷን ፊደል ጎትተህ፣ አውጥተህ፣ አውርደህ የምታሳርፍበት የራሷ ቦታ አላት። አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ልክ ሊያወርዱት ሲሉ ያቺ ክብ ትመጣለች። ፊታቸው ማዶ ባለው ስልክ ላይ አፉን እንደ ከፈተ ይደርቃል። እንደገና ሲመጡ «ሌ፣ ሌ፣ ሌ» እያሉ ይደጋገማሉ። ከዚያ ደግሞ የደልጊው ተራውን ያዜማል፤ እሱም እንዲሁ መሐል ላይ ቁርጥ ይላል። አባቴ ግንባራቸውን ቋጥረው ወደ እኔ ዞር ይላሉ።

«ምን ሆነ?»

«ኔትወርክ ነው አባዬ።»

እሳቸውም ወደ ስልኩ ተመልሰው «ኔትወርክ ነው፤ ቀጥል» ይሉታል።

ከዚያ በኋላ ይህ ቃል የቤታችን ተሰጥዎ ሆነ። አባቴ፣ ምድር ላይ ካሉት የባዕድ ቃላት አንዱን እንኳ ወደ አፋቸው የማያስጠጉት ሰው፣ «ኔትወርክ» ማለትን እንደ ውዳሴ ማርያም ለመዱት። እሱ ሲቆም «ኔትወርክ ነው፤ ቀጥል»። እሳቸው ሲቆሙ እሱ ከማዶ «ኔትወርክ ነው የኔታ፤ ይቀጥሉ»። እኔ መሐል ቆሜ ዋይፋዩን ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ቁም ሣጥን አናት አመላልሳለሁ። ነቅዬ እሰካለሁ። እሰካና እነቅላለሁ። ጥርሴን እነክሳለሁ።

ለአገልግሎት ቢሮው ስደውል የምትመልስልኝ ልጅ ድምፅዋ ማር ነው። «ችግሩ ከእርስዎ በኩል ሊሆን ይችላል፣ ያጥፉና ያብሩት» ትለኛለች። አጠፋሁ፣ አበራሁ። «መስመሩ ተጨናንቆ ነው» ትለኛለች። በማን ተጨናነቀ? ያንን መስመር የሚጠቀመውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ግን በዋናነት የምወቅሰው ማዶውን፣ ደልጊን ነበር። ገጠር ነው፣ ኮረብታ ላይ ነው፣ ምን ኔትወርክ ይኖረዋል እያልኩ።

አንድ ጊዜ መላ መታሁ። በሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ከሚጠበስባቸው መዝናኛዎች በአንዱ ዋይፋዩ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁና አባቴን በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። ከዛፍ ሥር ጥግ ያዝን። አስተናጋጁ የሙዚቃውን ድምፅ ቀነሰልን፤ እግዜር ይስጠው። ኢንተርኔቱ እውነትም ይሮጣል። የደልጊው ከማዶ ጥርት ብሎ ታየ፤ አባቴም ተደሰቱና ጀመሩ። አንዷን ሐረግ ሳይጨርሱ ግን ሙሽሮች በመኪና ጥሩምባ ታጅበው ከች አሉ። በባሕር ዳር የሚያገባ ሁሉ ጣናን ከኋላው አድርጎ ሳይቀረጽ አይጋባም። ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ ካሜራ የያዘው ሰውየ አባቴን በትሕትና «አባቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፣ ከሙሽራዋ ጀርባ ይታያሉ» አላቸው። አባቴ ሙሽሮቹን መረቁ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ባጃጅ አስጠሩ። እኔ ግን ስልኩን ሐይቁ ውስጥ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

እንዲህ እየተንገጫገጭን አስተምህሮው አለቀ ተባለ። የደልጊው ከማዶ አዜመ፣ አባቴ ሰሙ፣ መሐል መሐል ላይ ሲቆም «ኔትወርክ ነው፤ ቀጥል» አሉ፣ ቀጠለ። ከፋሲካው በፊት ግን አባቴ አንድ ነገር አሉ። «ፊቴ ቀርቦ ይበልልኝ። በስልክ ብቻ ሰምቼ አልመሰክርም።» የደልጊውም ጀልባዋን ጠብቆ፣ ለደብሩ ተተኪ ለምኖ፣ የዓሣ ቋንጣና ሽምብራ አንጠልጥሎ መጣ። ከበሩ ላይ የአባቴን ጉልበት ሲስም ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አዘለ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። በስንት ልፋት የመጣ ውጤት ነው!

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። አባቴ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ «እስቲ ከመነሻው በልልኝ» አሉት። የደልጊው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ድምፁ ያማረ ነው፤ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ነፋስ ገርበብ ያለውን መስኮት ሁሉ የሚከፍት። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሱ «ሃሌ ሉያ» የምትለው ላይ ደረሰ፤ ከፍ አደረገ፤ ከዚያ ድንገት ጭጭ አለ። አፉ እንደ ተከፈተ ነው። ዓይኑ ፈጥጦ አንድ ቦታ ቀርቷል። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዞር ብዬ ያየሁት ዋይፋዩን ነው።

ቀጥሎ «ሌ፣ ሌ፣ ሌ» አለና ምንም እንዳልተፈጠረ ሄደ።

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ተመለስ» አሉት። ተመለሰ። እዚያው ቦታ ላይ ጭጭ፣ እዚያው ላይ «ሌ፣ ሌ፣ ሌ»።

«ምን ሆንህ? ጉሮሮህን ያዘህ?»

«ኧረ ምንም አልሆንሁም የኔታ።»

«ታዲያ ለምን ቆምህ?»

«ቁርጡ ነዋ የኔታ። ከቁርጡ ቀጥሎ ርክርኩ።»

ዜማ ለማያውቅ ልንገረው፤ ድጓ ከፊደሉ በላይ ምልክቶች አሉት። ቁርጥ የሚባለው ድምፁን ቆረጥ አድርገህ የምትተውበት ነው፤ ርክርክ ደግሞ ድምፁን እያንቀጠቀጥህ የምታወርድበት።

«እዚህ ላይ ቁርጥ የለም» አሉ አባቴ። «ርክርክም የለም። ይህን ማን አስተማረህ?»

የደልጊው ፊቱ ቀላ። መሬት መሬት አየ። «እርስዎ ነዎት የኔታ» አለ።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። የደልጊው ትምህርቱ እንዳይጠፋበት ጥሪውን በሌላ ስልክ ይቀዳ ነበር፤ እየቀዳ በእርሻው ላይ፣ በታንኳው ላይ፣ ሲሄድም ሲመጣም ይሰማው ነበር። ኔትወርኩ የቆረጠው ቦታ በቅጂው ላይ ሁልጊዜ ያው ቦታ ሆነበት። «መጽሐፉ ላይ እንደሌለማ አየሁ የኔታ» አለ። «ግን እያንዳንዱ የዜማ ቤት የራሱ ስልት አለው ሲባል ሰምቻለሁ። ይኼ የእርስዎ ቤት ስልት ነው አልሁ። ተማሪ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይቀበላል እንጂ፣ የኔታ እዚህ ላይ ምነው ቆሙ ብሎ ይጠይቃል?»

«ኔትወርክ ነው ይቀጥሉ ስትል አልነበረም?»

«ዝምታው ሲረዝም ጊዜ ኔትወርክ ነው አልሁ። አጠር ያለውን ግን ዜማ ነው አልሁ።»

እሱ ደግሞ የለመደውን ቁርጥ በስልክ ሲያዜም፣ እኛ እዚህ ኔትወርክ ነው ብለን አሳለፍነው። ያን ሁሉ ጊዜ እያንዳንዳችን የሌላውን ስሕተት በኔትወርክ እያሳበብን፣ ኔትወርኩ ራሱ የአባቴን ድጓ አስተምሮት ነበር። እኔ መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ንዴት አንገቴ ላይ ወጣ። አንድ ሰው ዕርፍ ጨብጦ ውሎ፣ ኮረብታ ወጥቶ፣ በብርድ ቁጭ ብሎ የተማረውን ነገር እንዲህ ብል እንደ በላው ጨርቅ ስታየው በማን ላይ ትጮኻለህ? ለዚያች ማር ድምፅ ላላት ልጅ ልደውልላትና «ይኼንን ሰውየስ እንዴት አጥፍቼ ላብራው?» ልላት አሰብኩ።

አባቴ ግን አልተቆጡም። «አንተ ጥፋት የለብህም» አሉት። «የሰማኸውን ተቀበልህ። ተማሪ እንዲህ ነው።» ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነበር። «ሰይጣን ራሱ እንዲህ ያለ ዜማ አልደረሰም!» አሉ። ሲስቁ ሳል ያዛቸው፤ ቶሎ አልለቀቃቸውም። ውሃ ሰጠኋቸው። «የመንገዱ አቧራ ነው» አሉኝ። ሰፈራችን መንገድ ይቆፈር ስለነበር አቧራውን እኔም አማርር ነበር።

የደልጊው ጀልባዋ እስክትመለስ እኛ ዘንድ ሰነበተ። ከሥራ ስመለስ ሁለቱንም ጓሮ ከማንጎው ሥር አገኛቸዋለሁ። እሱ ያዜማል፤ አባቴ በእጃቸው ብቻ ይመሩታል፤ እጃቸው ሲወጣ ድምፁ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። የውሸቱን ቁርጥ አንድ በአንድ ነቀሉት። አስተምህሮው ጠራ። የፋሲካው ክፍል ግን እንደ ቀረ ጀልባዋ መጣች፤ ደብሩም ከዚያ በላይ አልታገሠውም።

ወደብ ድረስ ሸኘሁት። «እህቴ፣ እኛ ጋ እኮ ኔትወርኩ ደህና ነው» አለኝ። «አዲስ ማማ ተክለውልናል። ከሌላ ሰው ጋር ስነጋገር ጥርት ነው የሚል።» ለካ ስወቅሰው የከረምኩት ደልጊ ንጹሕ ኖሯል፤ የተበላሸው የእኛ ቤት መስመር ነው። ጀልባዋ ላይ እግሩን ካስገባ በኋላ ተመልሶ ወጣ። «እህቴ፣ እባክሽ መስመሩን አታዘግይብን» አለኝ። ፊቱ ልመና ነበር። ወንበሩን ስለጓጓ መስሎኝ «አይዞህ፣ አላዘገይም» አልኩት።

ፈጣኑን መስመር፣ ፋይበር የሚሉትን ለማስገባት የተመላለስኩትን እዚህ ብዘረዝረው እኔም አንባቢም እንታመማለን። ወረፋ ነው አሉኝ። ምሰሶ የለም አሉኝ። ምሰሶው ሲገኝ ቁፋሮው ይለቅ አሉኝ። ቁፋሮው ሲያልቅ ገመዱን ዘረጉት፤ በማግስቱ ሌላ ቆፋሪ መጥቶ በጠሰው። አንዱ የመስመር ሠራተኛ «ታገሺ እንጂ እህቴ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። «የእኔ እንቁላል ገምቷል፣ ወንድሜ» አልኩት። ሳቀና፣ መሰላሉን አነሳና፣ የዚያኑ ቀን ቀጥሎልኝ ሄደ። በትዕግሥት ያልተገኘ በነገር ተገኘ።

ዋይፋዩ አዲስ ነው፤ ነጭ፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴ መብራቶች የተደረደሩበት። የገጠመልን ሠራተኛ ሲወጣ «መብራቶቹ አረንጓዴ ከሆኑ ምንም ችግር የለም ማለት ነው» ብሎኛል። ለአባቴም እንዲሁ ነገርኳቸው። መብራቶቹን አንድ በአንድ አዩና «እንግዲያው ጥራው» አሉኝ።

ምን ልበላችሁ! የደልጊው ከፊታችን የተቀመጠ ነው የመሰለው። ከጀርባው የሐይቁ ማዕበል ይሰማል፤ የሆነ ቦታ ዶሮ ጮኸ። አባቴ «እንደምን ዋልህ?» ሲሉት ወዲያው «እግዚአብሔር ይመስገን የኔታ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታቸው ተገናኘ። መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት የምደጋግመው ነገር እውነት ሆኖ ዓይኔ ላይ ቆመ። ፈጣን መስመር ሲኖር አስተማሪና ተማሪ እውነትም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ደስ ከማለቱ የተነሣ ልጮህ ነበር።

አባቴ የፋሲካውን ጀመሩ። ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ድምፃቸው ቀጭን ሆኗል፤ ግን ቦታውን አይስትም። ሁለት ሐረግ ሄዱ። ሦስተኛው ላይ ከፍ አደረጉ፣ ከፍ አደረጉና ቀጥ አሉ።

አፋቸው እንደ ተከፈተ ነው።

እጄ በልማዱ ወደ ዋይፋዩ ሄደ። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ስልኩን አየሁ። የደልጊው አልደረቀም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ፤ ነጠላው በነፋስ ይንቀሳቀሳል። ክቧ የለችም። ማዕበሉ ይሰማል። ከእኛ ቤት የሚሰማው የአባቴ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ አጭር አጭር እያለ፣ ልክ ደረጃ እንደ ወጣ ሰው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አባቴ የቆሙበት ቦታ ሁሉ ኔትወርክ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሲቆሙ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ከዋይፋዩ ሣጥን ጋር ስታገል ነበር። ከማንጎው ሥር በእጃቸው ብቻ ሲያስተምሩ ዘዴ አዲስ አመጡ ብዬ ነበር። የደልጊው ግን ፊታቸው ተቀምጦ ትንፋሻቸውን ሲሰማ ሰንብቷል። «መስመሩን አታዘግይብን» ያለኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አባቴ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ወደ መብራቶቹ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«ኔትወርክ ነው» አሉት።

የደልጊው ወደ ሐይቁ ዞር ብሎ ተመለሰ። «አዎ የኔታ» አለ በመጨረሻ። «እኛም ጋ ይቆራረጣል።»

«እንዲህ እየቆራረጠ አንዘልቀውም። ከእንግዲህ አንተ ምራ፤ እኔ እቀበልሃለሁ።»

ዜማ ቤት ውስጥ መምህር ለተማሪው እንዲህ ሲል ከዚህ ሌላ ምስክርነት የለም። የደልጊውም ያውቃል። ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ፤ እኛ ዘንድ ግን ልቅሶው አንድም ሳይቆረጥ፣ ጥርት ብሎ ደረሰ። ያን የመሰለ መስመር ስመኝ የኖርኩ ሴት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምነው ቢጠፋ አልኩ። ያቺን የረገምኳትን ክብ ለመንኳት። ነይና መሐላችን ዙሪ አልኳት። አልመጣችም።

ከዚያ የደልጊው ድምፁን ጠርጎ፣ በመጽሐፉ ምልክት እየተመራ፣ አባቴ ካቆሙባት ፊደል ላይ አነሣና እስከ መጨረሻው መራው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ተቀበሉት። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ነገ ለእነዚያ ሰዎች ደውዪላቸው» አሉኝ። «ይቆራረጣል በያቸው።»

«እሺ አባዬ» አልኩ። «እደውልላቸዋለሁ።»